ስም ፍለጋ በየመጻሕፍት መደብሩ

ባለቤቴ በሞተ በማግስቱ ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር፤ ሳሎን ያልበቃቸው ኮሪደሩ ላይ፣ ኮሪደሩ ያልበቃቸው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ቄሱ ገና ወጣት ናቸው። ትንሽ ደብተር አውጥተው፣ «እናቴ፣ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ» አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። የትኛው ጥርሱ በብርድ እንደሚያመው፣ አውቶቡስ ሲነዳ የትኛውን ትራስ ከወገቡ ሥር እንደሚያደርግ አውቃለሁ። የክርስትና ስሙን ግን አላውቅም። ሰው ሁሉ ያየኛል። አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ተናገርኩ፤ የአባቴን የክርስትና ስም። ቄሱ ጻፉት።

አባቴ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አርባ ቀን ሙሉ ለባለቤቴ የተደረገው ጸሎት በእሳቸው ስም ተደረገ። ስሙ በተጠራ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ሐዘን መስሏቸው ትከሻዬን ይዳብሱኛል። በማግስቱ ተመልሼ «ተሳስቻለሁ» ማለት እችል ነበር። በማግስቱ ግን የባሰ አፈርኩ፤ በሳምንቱ ደግሞ ከዚያ የባሰ። እንዲህ እያለ አርባው ወጣ። የቀረኝ ሙት ዓመቱ ብቻ ነበር። ቢያንስ ያን ቀን በራሱ ስም እንዲጠራ ፈለግሁ።

ሰው ሠላሳ ዓመት አብሮ ኖሮ እንዴት ይህን አያውቅም እንደምትሉ ይገባኛል። እኛ የተጋባነው እዚሁ ለንደን፣ በማዘጋጃ ቤት ነው። በተክሊል ብንጋባ ኖሮ ስሙን ከቄሱ አፍ እሰማው ነበር። የክርስትና ስም ደግሞ እንደ ቤት ስም በየመንገዱ አይጠሩበትም። እንደተጋባን ሰሞን አንድ ጊዜ ጠይቄው፣ «ለምን ፈለግሽው? መተት ልታሠሪብኝ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

«መተቱማ ድሮ ሠርቷል፤ ይኸው አገባኸኝ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ግን ነግሮኛል። ይህን ነው ለማንም ሳልናገር የያዝኩት። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባውን ቀብረን በመጣን ሳምንት፣ ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ባለው መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። እሱ ጋዜጣ፣ እኔ ልቦለድ። ጋዜጣውን አጥፎ፣ «እኔ ስሞት ቄሱ ይጠይቁሻል። የክርስትና ስሜ እኮ…» ብሎ ነገረኝ። እኔ ያለሁት ባቡር ጣቢያ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሴት ሃያ ዓመት ያላየችውን ወንድሟን ስትጠብቅ፣ ሰዎች ከባቡሩ መውረድ ጀምረዋል። «እሺ» አልኩት። ገጹን ገለጥኩ። የሴትዮዋ ካፖርት አረንጓዴ እንደነበር እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ባሌ የነገረኝ ስም በ«ወልደ» ይጀምር በ«ገብረ» እንኳ አላስታውስም።

ስሙ የተጻፈበት አንድ ቦታ ነበር። እናቱ ከደሴ ሲወጣ የሰጡት የጸሎት መጽሐፍ አለው፤ ቆዳ ልባስ፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ የጠቆረ። በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ አንድ መሪጌታ የልጆቻቸውን የክርስትና ስም በተራ ጽፈውላቸዋል። እናቱ ማንበብ አይችሉም ነበር። የትኛው መስመር የየትኛው ልጅ እንደሆነ ግን በጣታቸው እየነኩ ይናገሩ ነበር አሉ። መጽሐፉን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሥራ ልብሱ ሥር ያስቀምጠዋል። እኔ የማነብበው ዓይነት መጽሐፍ ስላልነበር ገልጬው አላውቅም።

ከአርባው በኋላ ለብቻዬ ሆኜ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ልጄ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። በዚያው ሳምንት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ቤቱን ስታጸዳልኝ ነበር። ደወልኩላት።

«የአባትሽ የጸሎት መጽሐፍ የታለ?»

«የቱ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረው። ጥቁሩ።»

«ማሚ፣ ኤቭሪቲንግ ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች።

ብያለሁ። «ሁሉንም ውሰጂው፣ አላይም» ብያለሁ። ልብሱንና ጫማውን ማለቴ ነበር። እሷ ስድስት ከረጢት ሞልታ ዋናው መንገድ ላይ ላለው የበጎ አድራጎት ሱቅ ሰጥታለች። «አያቴ የሰጠችው ነው እንዴ? ኦ ማይ ጎድ፣ ማሚ፣ ሶሪ» እያለች ስታለቅስ፣ ያኔ መንገር ነበረብኝ። መጽሐፉን ለምን እንደፈለግሁት፣ ቄሱን እንዴት እንደዋሸሁ። አልነገርኳትም። «አይዞሽ፣ ይገኛል» ብቻ አልኳት።

ሱቁ ውስጥ ያለችው ሴት ደግ ናት። መጽሐፍ መቼም አይጣልም አለች። ማንም በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ግን እነሱ ዘንድ ስለማይሸጥ፣ ለአካባቢው ትናንሽ መደብሮችና ሰው በነፃ ለሚወስድባቸው መደርደሪያዎች እንደሚሰጡት ነገረችኝ። ማን ምን እንደወሰደ አይመዘግቡም። እንግዲያ ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አረጋውያን ቤት እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላዬ የራሴ ነው። ሼፈርድስ ቡሽ ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ሰፈር ነው። መጻሕፍት የሚሸጥባቸውንና ሰው ቁጭ ብሎ የሚያነብባቸውን ቦታዎች ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ በአንድ ያየሁት ያን ክረምት ነው።

የመጀመሪያው መደብር ከዋናው መንገድ በስተ ጀርባ፣ የልብስ ንጽሕና መስጫውን አልፎ ነው። በሩ ሲከፈት የታችኛው ጠርዝ ወለሉን ስለሚፍቅ፣ ገዢ መግባቱን ባለቤቱ የሚያውቀው በዚያ ነው። ጢሙ የነጣ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ናቸው። መጻሕፍቱ ከመደርደሪያው ተርፈው ደረጃው ላይ ወጥተዋል፤ ወደ ላይ መውጣት የሚፈልግ ሰው በአንድ ጎን ነው የሚረግጠው። የውጭ ቋንቋ ያለው ከታች ምድር ቤት ነው አሉኝ። ወረድኩ። የእርጥበት ሽታ አለ፤ ግድግዳው ላይ አንድ አምፖል ብቻ በርቷል። ጣቴን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ እየሳብኩ ስሄድ የእኛን ፊደል አየሁ። ግን ተዘቅዝቆ ቆሟል። ሳወጣው ስለ ንብ እርባታ የሚያስተምር ቀጭን የድሮ መጽሐፍ ነው። ይዤው ወጣሁ።

«ይሄ ምን ቋንቋ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «አርመንኛ» አሉ።

«አማርኛ ነው። ተዘቅዝቆ ነው ያስቀመጡት።»

«ሃያ ዓመት እንደዚያው ቆሟል። እስከ ዛሬ ቅሬታ ያቀረበ ሰው የለም።»

«ይኸው ዛሬ ቀረበልዎት።»

ሳቁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ሳስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው እንደ ጥፋት ተሰማኝ። የምፈልገውን ነገርኳቸው፤ የቆዳውን ቀለም፣ ስፋቱን፣ ጠርዙን። ስልኬን ጻፉ። ንቡን ቀና አድርጌ ወደ ቦታው መልሼው ወጣሁ።

ሌሎቹም አሉ። አንደኛው የልጆች መጻሕፍት ብቻ የሚሸጥ፣ ምንጣፉ ላይ እናቶች ከሕፃናት ጋር የሚቀመጡበት ነው። እዚያ ምንም እንደማላገኝ እያወቅሁ ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ፤ ሙቀት ስለነበረው። ሌላው ቡና የሚሸጥበት ነው። አዲስ መጻሕፍት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሽፋናቸው ወደ ፊት ተደርጎ እንደ ኬክ የተደረደሩ። የምታስተናግደው ወጣት «ምን ዓይነት ነገር ነው የሚወዱት?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። በፊት ቢሆን ግማሽ ሰዓት አወራት ነበር። ከዚያ መናፈሻ ወዲህ፣ በትክክል ለመናገር እሱ ከሞተ ወዲህ፣ ልቦለድ ማንበብ አቁሜያለሁ። ስጀምር ያቺ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች ሴት ትመጣብኛለች።

ከባቡሩ ድልድይ አጠገብ ደግሞ አሮጌ የስልክ ሳጥን አለ። ስልኩ ተነቅሎ መደርደሪያ ገብቶበታል፤ ሰው ያነበበውን አስቀምጦ ያላነበበውን ይወስዳል። በየሁለት ቀኑ እከፍተዋለሁ። ዝናብ ስለሚገባበት የታችኛው ረድፍ መጻሕፍት አብጠዋል። መጽሐፉ እዚያ ታችኛው ረድፍ ላይ ያለ እየመሰለኝ፣ ዝናብ በጣለ ቀን ከሥራ ስወጣ እሮጣለሁ።

ልጄም በበኩሏ ፍለጋውን ይዛዋለች። የምትሠራው ካምደን ነው፤ በምሳ ሰዓቷ እዚያ ያሉትን መደብሮች ትዞርና በስልክ ፎቶ ትልክልኛለች። «ይሄ ነው?» ትላለች። የምታገኘውን የማታውቀውን ፊደል ሁሉ ነው የምትልከው። አንዴ የጆርጂያ የምግብ መጽሐፍ፣ አንዴ የታሚል መዝገበ ቃላት። አንዴ ደግሞ ቆዳ ልባስ የሆነ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ልካልኝ፣ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አየሁ። «አይደለም የኔ ልጅ» እላታለሁ። «ሶሪ ማሚ» ትላለች። እያንዳንዷ «ሶሪ» እኔ ላይ ትጨመራለች። የዋሸሁት መጽሐፉ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ልነግራት ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ።

መጽሐፉ ሳይገኝ ሲቆይ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ስሙ ራሱ ይመለስልኝ እንደሆነ ብዬ፣ አብረን ወደምናነብባቸው ቦታዎች መሄድ ጀመርኩ። ልቦለዱን ይዤ መናፈሻው ሄድኩ። ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት፣ ያው ገጽ። በእሱ ቦታ ላይ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ባቡሩ ገባ፤ ሰዎች ወረዱ፤ ሴትዮዋ በእግሯ ጣት ቆመች። ከዚያ ቀጥሎ «የክርስትና ስሜ እኮ…» የሚለው ድምፁ ይመጣል፣ ጎርነን ብሎ፣ ትንሽ እንደማፈር ብሎ። ከ«እኮ» በኋላ ነጭ ነው። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ውሻ ይዞ የመጣ ሰው «ደህና ነዎት?» ሲለኝ ነው ጮክ ብዬ እያነበብኩ እንደነበር ያወቅሁት።

ቤተ መጻሕፍቱም ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከማሞቂያው አጠገብ አንድ ወንበር አለች፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ረፋዱን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። ክንዷ ላይ ጨርቋ ተልጧል። የአውቶቡሱንም ላይኛ ፎቅ ሞከርኩ፤ የሚያውቀውን መስመር ከመነሻ እስከ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ድረስ። ሌላ ሰው ሲነዳ ከላይ ፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይወድ ነበር፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ግን አንገቱን ይነቀንቅበታል። ሁሉም ነገር መጣልኝ፤ የአንገቱ መነቅነቅ፣ ገጽ ለመግለጥ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ማስነካቱ። ስሙ ብቻ አልመጣም።

በጸደይ መጨረሻ ገበያው ውስጥ ገባሁ። ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ሽቶ፣ የመስገጃ ምንጣፍ፣ የራስ መሸፈኛና ከኋላ ደግሞ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው አለ። በእንግሊዝኛ ጀምሬ ሳልጨርስ በአማርኛ መለሰልኝ። የወሎ ልጅ ነው፤ በስደት በሱዳን በኩል የመጣ፣ ጢሙ በሂና የቀላ።

«የክርስቲያን መጽሐፍ ከእስላም ሱቅ?» አለኝ።

«ሁሉም ጋ ፈልጌያለሁ፤ የቀረኸኝ አንተ ነህ።»

«እንኳን መጨረሻ ላይ አደረግሽኝ። መጀመሪያ ብትመጪ ሰፈሩን መቼ ታዪው ነበር?» አለና መሰላል ጎተተ። «ከየሱቁ የሚደርሰኝን አያለሁ። ማንበብ ባልችልም የፈጣሪ ስም ያለበት ከመሰለኝ እግር ሥር አላስቀምጥም፤ የማንም ይሁን። ከላይ ነው ያለው።»

የላይኛው መደርደሪያ ጣሪያውን ሊነካ ነው። ባቡር ሲያልፍ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። አራት አምስት መጻሕፍት አወረደልኝ፤ ከሥር አንድ ቆዳ ልባስ፣ ጠርዙ የጠቆረ። ፊደሉ የእኛ ነው። ተቀበልኩት፤ ክብደቱ ልክ ነው። መቀመጫ ፈለግሁ፤ ዱካ ገፋልኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ስሞች በቀይና በጥቁር ቀለም በተራ ተጽፈዋል።

ሰባት ናቸው። የባለቤቴ እናት የወለዱት አራት ነው።

ደግሜ ቆጠርኩ። የሌላ ሰው ቤት ነው። ከአምስተኛው ስም አጠገብ ትንሽ መስቀል ተሥላለች፤ በልጅነቱ ሞቷል ማለት ነው። ባለቤቴ ለእናቱ ሦስተኛ ልጅ ነው። ዓይኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። ጥሩ ስም ነው። ይህን ብወስድስ? ማን ያውቃል? ቄሱ ይጽፉታል፣ ዲያቆኑ ይጠራዋል፣ እኔም አርፋለሁ። ይህን ሐሳብ ያሰብኩት እኔ መሆኔን ሳውቅ መጽሐፉን ዘጋሁት። ጉልበቴ ላይ እንደ ትኩስ ነገር ሆነብኝ።

«አይደለም?» አለኝ።

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገርኩት። ለማላውቀው ሰው፣ በሽቶ መሃል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ፣ «እህት ወንድም የላቸውም?» አለ።

«ታላቅ እህቱ አሉ። ደሴ።»

«ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«የደሴ ስልክ ተቆርጧል እንዴ? እኔ ትናንት ከእናቴ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራ ነበር! የፍየሏን መታመም ሳይቀር ነግራኛለች!»

መጽሐፉን ተቀብሎ ወደ ላይ መለሰው። «ሴትዮዋን ነው እንግዲህ የፈራሽው» አለ መሰላሉ ላይ ሆኖ፤ «መጽሐፍ አይቆጣም።»

እውነቱን ነው። ስምንት ወር ሰፈሩን የዞርኩት እሳቸው ዘንድ ላለመደወል ነው። የማዘጋጃ ቤቱን ጋብቻ ሲሰሙ «ውል ነው እንጂ ጋብቻ አይደለም» ያሉ ሴት ናቸው። በሠልስቱ ደውለው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ «ፍትሐቱ በስሙ ነው የተደረገው?» የሚል ነበር። «አዎ እትዬ» ብያቸዋለሁ። ከቄሱ ቀጥሎ የዋሸሁት እሳቸውን ነው።

ከገበያው ከወጣሁ በኋላም ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ ደወልኩ፤ ቤት ውስጥ ፎቶው ስላለ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«አለሁ። ምነው ድምፅሽ?»

«የሱን የክርስትና ስም ልጠይቅዎት ነበር። ለሙት ዓመቱ።»

ዶሮ ይጮኻል በወዲያ በኩል። «አርባውን በምን ስም አወጣሽው ታዲያ?» አሉ ቀስ ብለው።

ነገርኳቸው።

«በአባትሽ ስም!» አሉ። «በአባትሽ! እንግዲያ አባትሽ ጠግበዋላ! የወንድሜን ድርሻ ጨምረው በልተው!» የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ማልቀሳቸውን ያወቅሁት ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ነው። «እኔ ሞቻለሁ? ምነው ብትጠይቂኝ?»

«አፍሬ ነው እትዬ።»

«እኔን አፈርሽኝ። እሱን ግን አላፈርሽውም።»

ስሙን ነገሩኝ። ወረቀት ላይ ጻፍኩት። «ድገሚው» አሉኝ፤ ደገምኩ። «እንደገና።» እንደ ተማሪ ሦስት ጊዜ አስባሉኝ። በመጨረሻው ላይ፣ «የእናቴ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? ያን ሁሉ መጽሐፍ የምታነብ ሴት፣ ያቺን አንዲት ገጽ መግለጥ አቃተሽ?» አሉ።

እዚያው ላይ ዝም ብል ኖሮ አሁንም ያናግሩኝ ነበር። ግን መዋሸት ሰልችቶኛል። መጽሐፉ እንደጠፋ፣ «ሁሉንም ውሰጂ» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ዶሮው ደግሞ ጮኸ። «ደህና ዋይ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሱም። ለበዓል መልእክት ጽፌ ልኬያለሁ፤ መልስ የለም።

ቄሱ ዘንድ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ደብተራቸውን ገልጠው ወደ ኋላ ፈለጉና፣ «ታዲያ ይሄኛው የማን ነው?» አሉ። የአባቴ ነው አልኳቸው። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያፈሩ መሰለኝ። አሮጌውን ስም ሰርዘው አዲሱን ከላዩ ጻፉ።

«ያኔ አላውቅም ቢሉኝ ምንም አልነበረም እኮ፣ እናቴ።»

«ሰው ነበረ አባ።»

«ሰው ያኔም ነበረ፤ ያን ቀንም ይኖራል» አሉ። «ስሙ መለወጡን የሚሰሙ ይሰማሉ። ይህን ይወቁት።»

በሙት ዓመቱ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ እንደፈራሁት ሙሉ ነበር። ልጄ ከጎኔ ቆማለች፤ ነጠላዋ እየተንሸራተተ ያስቸግራታል። ስሙ ተጠራ። ከፊት ለፊታችን ከቆሙት ሴቶች ሁለቱ ተያዩ፤ አንዷ ዞር ብላ አየችኝ። ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ማሚ፣ ይሄ ማነው? ዛሬ የዳዲ አይደለም እንዴ?»

«ዳዲ ነው።»

«በአርባው ሌላ ስም ነበር የሚሉት።»

«የአያትሽ ስም ነበር፤ የአባቴ። የዳዲን አላውቀውም ነበር። ሲጠይቁኝ አፍሬ ነው ያን ያልኩት። አንቺ መጽሐፉን ከመውሰድሽ በፊት።»

ትንሽ ቆማ አሰበችው። ፊቷ ላይ ነገሩ ቦታ ቦታውን ሲይዝ አየሁት።

«እኔ ግን ያን ሁሉ ፎቶ ስልክልሽ፣ ሶሪ ስልሽ» አለች።

«አዎ» አልኳት።

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፍቼ ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። ፊቷን ወደ መቅደሱ አዞረች፤ ነጠላዋን ራሷ አስተካከለች። ዲያቆኑ ስሙን ለሁለተኛ ጊዜ ጠራው። የሠላሳ አንድ ዓመት ሚስቱና አንዲት ልጁ ስለ አንድ የማናውቀው ሰው እንደሚነገረን ሆነን ቆመን ሰማነው።